የኤሌክትሪክ ሞተር፦ ግማሽ ዙር ዞሮ ለምን አይቆምም?



በቤታችን ውስጥ ስንት የኤሌክትሪክ ሞተር እንዳለ ቆጥረን እናውቃለን? ብዙዎቻችን «እኛ ቤት አንድም የለም» ብለን እንመልስ ይሆናል። ነገር ግን በባትሪ ድንጋይ የምትሄደው የልጆች መጫወቻ መኪና ውስጥ አንድ አለ። ተበላሽቶ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠው አሮጌ ቴፕ ውስጥም አለ። በፀጉር ማድረቂያውና በጁስ መፍጫው ውስጥም አለ። ስልካችን በኪሳችን ሲንቀጠቀጥም፣ ብዙውን ጊዜ የሚያንቀጠቅጠው ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ሞተር ነው።

መጫወቻ ሲሰበር ልጆች መጀመሪያ ፈልፍለው የሚያወጡት ይህንኑ ሞተር ነው። ከፈቱትም ውስጡ የሚያገኙት ጥቂት ነገር ነው፦ ሁለት ጥምዝ ማግኔቶች፣ በብረት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ ጫፉ ላይ የተሰነጣጠቀች የመዳብ ቀለበት። ሌላ ምንም የለም። «ታዲያ ምኑ ነው የሚያዞረው?» ብለን በክፍል ውስጥ ስንጠይቅ አብዛኞቹ ተማሪዎች «ማግኔቱ!» ይላሉ። የግራ እጅን ሦስት ጣቶች ዘርግተው የኮረንቲውን፣ የማግኔቱንና የግፊቱን አቅጣጫ አስተካክለው የሚያሳዩም አሉ። ፈተና ላይም ሙሉ ማርክ ያገኛሉ።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ማግኔት የሳበውን ነገር ይዞ ያስቀራል እንጂ አያዞርም። ምስማር ብናስጠጋለት ጥርቅ ብሎ ይጣበቃል፣ እዚያው ይቀራል። ታዲያ በሞተሩ ውስጥ ያለው ጥምጥም ወደተሳበበት ቦታ ደርሶ ለምን አይቆምም? የዛሬው ጽሑፋችን ይህችን አንዲት ጥያቄ ይዞ ይነሳል። ጥያቄዋ ትንሽ ብትመስልም መልሷ የጁስ መፍጫችንን ከመቃጠል፣ ኪሳችንን ደግሞ ከአታላዮች ያድናል።

ኮረንቲና ማግኔት ሲገናኙ

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የኮምፓስ መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ሃንስ ክርስቲያን ኦርስቴድ የተባለ የዴንማርክ ሳይንቲስት ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ ኮምፓስ ሲያስቀምጥ መርፌዋ ከሰሜን ዘወር አለች። ኮረንቲው ሲቋረጥ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። (ቂብላ ለማወቅ በምንይዛት ኮምፓስ ይህንኑ መሞከር ይቻላል። ለዚህም ነው ኮምፓስን ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከድምፅ ማጉያ አርቆ ማንበብ የሚገባው።) በዚህ ሙከራ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ ራሱ እንደ ማግኔት እንደሚሆን ታወቀ።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1821፣ እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ነገሩን ወደፊት ገፋው። ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ሲሆን በልጅነቱ መጽሐፍ በሚጠርዝ ሰው ዘንድ ይሠራ ነበር። ባዜቃ በሞላበት ዕቃ ውስጥ ማግኔት አቁሞ፣ ከላይ የተንጠለጠለ ሽቦ ጫፉን ባዜቃው ውስጥ ነክሮ ኮረንቲ ሲለቅበት ሽቦው ማግኔቱን ይዞር ጀመር። ሥራ የሚሠራ ጉልበት አልነበረውም። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክ አንድን ነገር ያለማቋረጥ ሊያዞር እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ መሣሪያ ነው።

የግፊቱ መጠንስ ምን ያህል ነው? ሦስት ነገሮች ይወስኑታል፦ የማግኔቱ ብርታት፣ የኮረንቲው መጠንና በማግኔቱ መስክ ውስጥ ያለው የሽቦ ርዝመት። ለምሳሌ ብርታቱ 0.2 ቴስላ በሆነ የማግኔት መስክ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ሽቦ አስቀምጠን 1 አምፔር ብናሳልፍበት የሚገፋው በ0.01 ኒውተን ነው። ይህ የአንድ ግራም ክብደት ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ያንኑ ሽቦ 50 ጊዜ ብንጠመጥመው ግፊቱም 50 እጥፍ ይሆናል። በሞተር ውስጥ ሽቦው ያን ያህል የሚጠመጠመው ለዚህ ነው።

የሚቆምበት ቦታ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በሁለት ማግኔቶች መካከል፣ አንዱ በሰሜን ዋልታው ሌላው በደቡብ ዋልታው ፊት ለፊት ሲተያዩ፣ አራት ማዕዘን የሆነ የሽቦ ጥምጥም በዘንግ ላይ ተሰክቷል እንበል። ኮረንቲው በጥምጥሙ አንድ ጎን ይሄዳል፣ በሌላው ጎን ይመለሳል። የሁለቱ ጎኖች ኮረንቲ አቅጣጫው ተቃራኒ ስለሆነ ግፊቱም ተቃራኒ ነው። አንዱ ጎን ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች ይገፋል። በዚህም ጥምጥሙ መዞር ይጀምራል።

ሩብ ዙር ያህል ሲዞር ግን ነገሩ ይለወጣል። አንደኛው ጎን ከላይ፣ ሌላኛው ከታች ይሆናል። የላይኛው አሁንም ወደ ላይ፣ የታችኛውም ወደ ታች እየተገፋ ነው። ነገር ግን ይህ ግፊት ጥምጥሙን ለመለጠጥ እንጂ ለማዞር አይጠቅምም። ጥምጥሙ በመጣበት ፍጥነት ከዚያ ትንሽ አልፎ ቢሄድ እንኳ ግፊቱ ወደኋላ ይመልሰዋል። ወዲያና ወዲህ ተወዛውዞ እዚያው ቀጥ ይላል። ኮረንቲውን ብንጨምርለትም፣ ማግኔቱን ብናበረታውም ይበልጥ አጥብቆ ይቆማል እንጂ አይዞርም።

ይህን በሚገባ የሚያስረዳን ብስክሌት ነው። ብስክሌት የሚነዳ ልጅ እግሩ የሚያውቀው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ወደ ታች መርገጥ። ፔዳሉ ወደ ታች ወርዶ ካለቀ በኋላ በዚያው እግር ምንም ያህል ቢረግጥ ብስክሌቷ አትሄድም። እንዲያውም እግሩን ካላነሳ ፔዳሉ ወደ ላይ እንዳይመለስ ይከለክለዋል። ብስክሌቷ የምትሄደው ልጁ በዚያች ቅጽበት ጉልበቱን ወደ ሌላው ፔዳል ስለሚያዛውር ነው። ሁለቱ ፔዳሎች ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ነገር ግን ከፊት ለፊት ያለው ፔዳል ምንጊዜም የሚረገጠው ወደ ታች ነው።

ኮረንቲውን የሚገለብጠው ቀለበት

ሞተሩም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ጥምጥሙ የሚቆምበት ቦታ እንደደረሰ በውስጡ የሚያልፈው ኮረንቲ መገልበጥ አለበት። ይህን የምትሠራው በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው የተሰነጠቀች የመዳብ ቀለበት ናት። ስሟ ኮሙቴተር ይባላል።

አሠራሯ እጅግ ቀላል ነው። ቀለበቷ ለሁለት ተከፍላለች፣ በመካከላቸውም ኮረንቲ የማያሳልፍ ክፍተት አለ። የጥምጥሙ አንደኛው የሽቦ ጫፍ ከአንደኛው ግማሽ፣ ሌላኛው ጫፍ ከሌላኛው ግማሽ ጋር ተበይዷል። ቀለበቷ ከዘንጉ ጋር ትዞራለች። ከውጭ ደግሞ ሁለት የማይዞሩ ነገሮች ከግራና ከቀኝ ይነኳታል፤ አንዱ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላው ከኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ብሩሽ ይባላሉ፤ የሙያው ሰዎች ግን «ካርቦን» ይሏቸዋል። ዘንጉ ግማሽ ዙር በዞረ ቁጥር በፖዘቲቩ ሥር የነበረው የቀለበት ግማሽ ወደ ኔጋቲቩ፣ በኔጋቲቩ ሥር የነበረው ወደ ፖዘቲቩ ይሸጋገራል። በዚህም የጥምጥሙ ኮረንቲ ይገለበጣል። ስለሆነም በሰሜን ዋልታው በኩል ያለው የሽቦ ጎን፣ የትኛውም ጎን ይሁን፣ ምንጊዜም በአንድ አቅጣጫ ይገፋል። በደቡብ ዋልታው በኩል ያለውም እንደዚሁ ምንጊዜም በተቃራኒው ይገፋል። ሞተሩ የማይቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ልብ እንበል! መገልበጫ ሰዓቱን የሚነግር ሌላ ሠራተኛ የለም። የሚዞረው ዘንግ ራሱ ሰዓቱን ይጠብቃል። በደቂቃ 6000 ጊዜ የሚዞር ትንሽ ሞተር በሴኮንድ 100 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ጥምጥሙ አንድ ብቻ ቢሆን ኮረንቲው በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 200 ጊዜ ይገለበጣል፣ አንዱም ሰዓቱን አያሳልፍም።

አስተዋይ አንባቢ «ጥምጥሙ በዚያችው በሚቆምባት ቦታ ላይ ሳለ ሞተሩ ቢከፈትስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። አንድ ጥምጥም ብቻ ያለው ሞተር በእጅ ካልተገፋ የማይነሳበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በመጫወቻ ሞተሮች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጥምጥሞች ይደረጋሉ፤ ቀለበቷም ለሦስት ትከፈላለች። አንዱ በማይገፋበት ቦታ ሲሆን ሌሎቹ በሚገፉበት ቦታ ላይ ናቸው። ፔዳሉ ሦስት የሆነ ብስክሌት ማለት ነው።

ኮሙቴተር ያለው፣ ሥራ ሊሠራ የሚችል ሞተር በ1832 የሠራው እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጀን ነው። በ1837 አሜሪካዊው ቶማስ ዳቬንፖርት ለሞተሩ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። በ1838 ደግሞ ሞሪትዝ ያኮቢ በሩሲያ፣ በኔቫ ወንዝ ላይ፣ በኤሌክትሪክ ሞተር የምትሄድ ጀልባ ሰዎችን አሳፍራ አንቀሳቀሰ። ሆኖም በዚያን ጊዜ ሞተሮቹ ገበያ አላገኙም። በባትሪው ውስጥ እያለቀ የሚሄደው ዚንክ ዋጋ በእንፋሎት ሞተር ውስጥ ከሚነደው ከሰል እጅግ ይበልጥ ነበር።

«የቤታችን የጁስ መፍጫ ከግድግዳው ላይ የሚሰካ ነው፤ የግድግዳው ኮረንቲ ደግሞ ራሱ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ ታዲያ እንዴት ይሠራል?» የሚልም ይኖራል። በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ በቋሚ ማግኔት ፋንታ ሌላ የሽቦ ጥምጥም አለ፤ ያው ኮረንቲ ሁለቱንም ያልፍባቸዋል። ኮረንቲው ሲገለበጥ ማግኔቱም ጥምጥሙም አብረው ይገለበጣሉ። ሁለቱም ስለተገለበጡ ግፊቱ አቅጣጫውን አይለውጥም። ቀለበቷና ካርቦኖቹ ግን እዚያም ሥራቸው ያው ነው።

ሞተር ራሱን ይገታል

እስካሁን «ለምን አይቆምም?» ብለን ጠይቀናል። ሁለተኛው ጥያቄ «ያለማቋረጥ የሚገፋ ከሆነ ፍጥነቱ ለምን እየጨመረ፣ እየጨመረ አይሄድም?» የሚል ነው።

ለዚህ መልሱን ከብስክሌት መብራት እናገኛለን። የብስክሌት ዲናሞ ሲዞር ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በውስጡ ያለውም ማግኔትና ጥምጥም ነው። እንግዲህ ሞተርና ዲናሞ ወንድማማቾች ናቸው። በ1873 በቪየና ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሁለት የግራም ዲናሞዎች በሽቦ ተያይዘው፣ አንዱ በሞተር ሲዞር ሌላው በዚያው ኤሌክትሪክ እንደ ሞተር ሲዞር ለሕዝብ ታይቷል። ስለዚህ ሞተር እየዞረ ሳለ ሳይወድ በግድ ዲናሞም ይሆናል። የሚያመነጨው ቮልቴጅ ግን ከባትሪው ጋር የሚጋፋ ነው። በፈጠነ ቁጥር ይህ ተቃራኒ ቮልቴጅ ይጨምራል፣ ከባትሪው የሚገባውም ኮረንቲ ይቀንሳል። ግፊቱ ሰበቃውንና ጭነቱን ለመቋቋም ብቻ በቂ ሲሆን ፍጥነቱ እዚያ ላይ ይረጋል።

በቁጥር እንየው። የጥምጥሙ መከላከያ 1 ኦም የሆነ ሞተር ከ3 ቮልት ባትሪ ጋር ተያይዟል እንበል። በሙሉ ፍጥነት ሲዞር የሚያመነጨው ተቃራኒ ቮልቴጅ 2.7 ቢሆን የሚቀረው 0.3 ቮልት ነው። ስለዚህ የሚያልፈው ኮረንቲ 0.3 አምፔር ይሆናል፤ ሽቦውን የሚያሞቀውም 0.09 ዋት ብቻ ነው። አሁን ዘንጉን በጣታችን ይዘን እናቁመው። መዞሩ ሲቀር ተቃራኒው ቮልቴጅም ይጠፋል። ኮረንቲው ወደ 3 አምፔር ያሻቅባል፣ ሙቀቱም 9 ዋት ይሆናል። መቶ እጥፍ ማለት ነው!

ወላጆችም ወጣቶችም እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሞተርን የሚያቃጥለው ብዙ መዞሩ ሳይሆን እንዳይዞር ተይዞ ሳለ ኮረንቲ መልቀቅ ነው። ጁስ መፍጫው ጠንካራ ፍሬ ወይም በረዶ ነክሶ «እምም» እያለ ቢቆም «ትንሽ እንጠብቀው፣ ይላቀቃል» ማለት አይገባም። ወዲያው ማጥፋት፣ ሶኬቱን መንቀል፣ ከዚያ ማጽዳት ነው። መኪና በሞተሪኖ ሲነሳ የፊት መብራቱ ደብዘዝ የሚለውም ሞተሪኖው ቆሞ ሲጀምር ብዙ ኮረንቲ ስለሚስብ ነው። መኪናው እምቢ ካለ ቁልፉን ይዞ መቆየት ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ይጎዳል።

ስለ ካርቦኖቹም አንድ ቃል እንጨምር። ካርቦን የተመረጠው ኮረንቲ ስለሚያሳልፍ፣ ልስልስና ከመዳቡ ቀለበት በፊት ራሱ ስለሚያልቅ ነው። መሣሪያው አንዴ እየሠራ አንዴ እየቆመ ሲያስቸግር፣ ሲነካካ የሚነሳ ከሆነ፣ ወይም በውስጡ ከወትሮው የበለጠ ብልጭታ ሲታይ ብዙ ጊዜ ያለቀው ካርቦኑ ነው። ይህ በሙያተኛ በቀላሉ የሚለወጥ ነገር ነው። «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ዕቃውን ከመጣል በፊት ካርቦኑ እንዲታይ መጠየቅ ይበጃል።

ነዳጁ ማግኔቱ አይደለም

ከዚህ ሁሉ የምንይዘው አንድ ቁም ነገር አለ። ማግኔቱ ሲገፋም ሲስብም ለአንድ ሙሉ ዙር የሚሰጠውና መልሶ የሚወስደው እኩል ነው። ሥራውን የሚከፍለው ኮረንቲውን የሚልከው ባትሪ ነው። ዳቬንፖርትን ያከሰረው ዚንክም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር አንድ ነገር ያልቃል።

በአሁኑ ጊዜ በስልክ የሚዘዋወሩ ብዙ ፊልሞች «ያለ ባትሪና ያለ ነዳጅ፣ በማግኔት ብቻ ለዘላለም የሚዞር ሞተር» ያሳያሉ። አንዳንዶቹ ሞተርን ከዲናሞ ጋር አያይዘው «ዲናሞው ሞተሩን ያበላል፣ ሞተሩም ዲናሞውን ያዞራል» ይላሉ። ሰበቃና የሽቦው ሙቀት በየዙሩ ድርሻቸውን ስለሚወስዱ እንዲህ ያለው ጥምረት ብዙም ሳይቆይ ይቆማል። የማይቆም ከመሰለን የተደበቀ ባትሪ ወይም ሽቦ አለ። በላቡ ያገኘውን ገንዘብ በዚህ ተስፋ ላይ ሊያውል ያሰበ ወንድም ወይም እህት ቢኖር «ነዳጁ የቱ ነው?» ብለን እንጠይቅለት።

በቤት ውስጥ እንሥራው

ልጆች ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ከታላቅ ሰው ጋር ሆነው ሊሠሩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው ትልቁ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔትና ቫርኒሽ የተቀባ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ነው።

ሽቦውን በድንጋዩ ዙሪያ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ጠምጥሞ ማውጣት፤ ሁለቱን ጫፎች ግራና ቀኝ ቀጥ አድርጎ ማስቀረት። አንደኛውን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን መፈተግ። ሌላኛውን ጫፍ ግን ቀለበቱን በጠርዙ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ የላይኛውን ግማሽ ብቻ መፈተግ፤ የታችኛው ቫርኒሽ ይቀመጥ። መርፌ ቁልፎቹን በድንጋዩ ሁለት ጫፎች በፕላስተር አጣብቆ ሽቦውን በቀዳዳዎቻቸው ላይ ማሳረፍ፤ ማግኔቱን ከጥምጥሙ ሥር ማስቀመጥ። በጣት ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት ይዞራል።

ግማሹን ብቻ የፈተግነው ለምንድን ነው? ይህች ሞተር ኮረንቲውን መገልበጥ አትችልም። ስለዚህ መገልበጥ በሚገባት ግማሽ ዙር ላይ ቫርኒሹ ኮረንቲውን ያቋርጠዋል፤ ጥምጥሙ በመጣበት ፍጥነት ያልፈዋል። በአንድ እግር ብቻ ብስክሌት እንደሚነዳ ልጅ ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ቢፈተግ ግን ተወዛውዞ ይቆማል። ልጆች ሁለቱንም ሞክረው ልዩነቱን ቢያዩ የዛሬውን ትምህርት ከእኛ በተሻለ ያስረዳቸዋል።

ሦስት ማሳሰቢያ አለን። ይህን ጥምጥም ፈጽሞ ከግድግዳ ሶኬት ጋር እንዳታገናኙት፤ ይገድላል። ጥምጥሙ ሳይዞር ከቆመ ወዲያው ከድንጋዩ ላይ አንሱት፤ ምክንያቱን ከላይ አይተናል። ትንንሽ ማግኔቶችን ሕፃናት እንዳይውጧቸው አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ሁለት ከተዋጡ በአንጀት ውስጥ ተሳስበው ከባድ ጉዳት ያደርሳሉ።

ዛሬ በኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ውስጥና በከተሞቻችን መንገድ ላይ በሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ያሉት ሞተሮች አብዛኞቹ ካርቦንም የተሰነጠቀ ቀለበትም የላቸውም። ኮረንቲውን በሰዓቱ የሚቀያይረው ኤሌክትሮኒክስ ነው። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ሥራው ያው ነው፦ ግፊቱ ከንቱ ሊሆን በደረሰባት ቅጽበት ኮረንቲውን መቀየር።

ለወጣት አንባብያን ጥያቄ ትተን እንሰናበት። በሠራችኋት ሞተር ላይ ማግኔቱን ብትገለብጡት ወደየት ትዞራለች? ማግኔቱንም ድንጋዩንም አንድ ላይ ብትገለብጡስ? መልሱ በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ከማንበብ በፊት ሞክሩት። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።